ከለቅሶ በቀር ሰበብ የለም

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፤ አልደብቅም። ቡታጅራ ውስጥ ኮች ዱባለ ሲባል «ያ ጯሂው?» የማይል የለም። በአንድ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ዘጠኝ ሴት ልጆችን ዋና አሠለጥናለሁ። ልምምዳችን ከትምህርት በፊት፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በወር ሦስት ቀን የቀረች ልጅ ከቡድኑ ትወጣለች። የምቀበለው ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ ለቅሶ። ሞት ሲመጣ ምን ይደረጋል? ለቅሶ የማይደርስ ሰው እኛ አገር ሰው አይባልም።

ሕጉን ሳወጣ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ከልጆቹ ሁሉ ፈጣኗ የአሥራ አምስት ዓመቷ ሆሳዕና ናት። እሷ ስትዋኝ ሰዓቴን ሁለቴ አያለሁ፤ የተበላሸ እየመሰለኝ። ሰኔ ላይ ወልቂጤ ለክልሉ ቡድን የሚመረጥበት ውድድር ነበረ። በሃምሳ ሜትር የምታልፈው አንደኛ የወጣችው ብቻ ናት፤ እኔም ሌት ተቀን የማስበው ሆሳዕናን ነበር። ታዲያ የዚህች ልጅ ዘመዶች ማለቅ ጀመሩ። የካቲት ላይ መስቃን ያሉ አጎቷ ሞቱ ተብሎ አራት ቀን ቀረች። መጋቢት ላይ የአጎቷ ሚስት ተከተሉ። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ያሳደጓት አክስቷ፣ ወይዘሮ ፋንቱ፣ ዐረፉ ተባልኩ። መርዶውን የነገረችኝ ጓደኛዋ ሳቢሪን ናት፤ ዐይኔን አታይም።

በፊተኞቹ ሁለት ለቅሶ አለመድረሴ ከነከነኝ። ጥቁር ኮቴን ለብሼ፣ ስምንቱን ልጆች አስከትዬ ከልምምድ በኋላ ወደ ሆሳዕና ቤት አመራሁ።

«ኮች፣ ነገ ብንሄድስ?» አለች ሳቢሪን መንገድ ላይ።

«ለቅሶ ይቀጠራል እንዴ?» ብዬ ጮኽኩባት። ከዚያ ወዲያ ማንም ትንፍሽ አላለም። ሐዘን መስሎኝ አከበርኳቸው።

ደጃፉ ላይ ድንኳን የለም። ከውስጥ የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል። በሩን የከፈቱልኝ አንገታቸው ላይ ሜትር ያንጠለጠሉ ደልደል ያሉ ሴት ነበሩ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አልኩ ድምፄን ሰበር አድርጌ። «በወይዘሮ ፋንቱ ማረፍ እጅግ አዝነናል።»

«በማን?»

«በወይዘሮ ፋንቱ።»

ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ፋንቱ እኔ ነኝ» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከእፍረቴ ግን ቁጣዬ ቀደመ። «ሆሳዕና! ነይ ውጪ! ከዛሬ ጀምሮ ከቡድኑ ወጥተሻል!» ልጅቷ ከጓዳ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ሆዷን ይዛ ብቅ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

ወይዘሮ ፋንቱ መሀላችን ገቡ። «ቆይ አንተ ሰው። ልጅቷ የወር አበባዋ መጥቶ ነው። ከለቅሶ በቀር አልሰማም ያልከው አንተ አይደለህ? ታዲያ ማንን ትግደልልህ? እኔን በመግደሏ እኔና እሷ እንነጋገራለን። እንድትገድል ያስገደዳት ግን አንተ ነህ።»

ወደ ሌሎቹ ዞርኩ። «እናንተስ?» ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። በመጨረሻ ትንሿ ሰልሚያ፣ «እኔ አያቴን ሁለት ጊዜ ገድያለሁ» አለች።

ወይዘሮ ፋንቱ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እኔም ሳቅሁ። እፍረቱ የመጣው ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሳሠለጥን አንዲትም ልጅ ይህን ነገር ነግራኝ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። መዋሸት የማይሆንላቸውን ስንቶቹን አባርሬ ይሆን? ሌሊቱን ሙሉ ስማቸው እየመጣብኝ አልተኛሁም።

በማግስቱ ልጆቹን ገንዳው ዳር ሰበሰብኳቸውና፣ ላብ እያጠመቀኝ፣ ቃሉን በአፌ ጠራሁት። «የወር አበባ ላይ ያለች ከፈለገች ትዋኛለች፤ ካልፈለገች ከውሃ ውጭ ከእኔ ጋር ትሠራለች፤ ያመማት ታርፋለች። የቀረች አትባልም። ዋሽታ የቀረች ግን ወዮላት!» ሳቢሪን አፏን በፎጣ ሸፍና ስትስቅ አየኋት።

ወይዘሮ ፋንቱ ደግሞ ሥራ ጀመሩ። ከውስጥ ደም የሚይዝ ገበር ያለው፣ ጭን ላይ ጥብቅ የሚል ጥቁር የመዋኛ ቁምጣ ሰፉ። የመጀመሪያው ውሃ ሞልቶት ፊኛ ሆነ። ሁለተኛው ስፌቱ ተተረተረ። ሦስተኛውን ሆሳዕና ግንቦት ላይ፣ ልክ ወሩ ሲመጣ፣ ለብሳ ገባች። ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው ውሃውን ነው። ንጹሕ ነበር። ተመልሳ ዘለለችበት።

ሰኔ ላይ፣ ወይዘሮ ፋንቱንም ይዘን፣ በሚኒባስ ወልቂጤ ገባን። የውድድሩ ጠዋት ሆሳዕና ዳኞቹ የተቀመጡበት ጠረጴዛ ድረስ መጣችና፣ «ኮች፣ ዛሬ መጥቶብኛል» አለችኝ፤ ሳታንሾካሹክ። አንዱ ዳኛ አንገቱን ደፋ።

«ያምሻል?»

«ትንሽ።»

«ታዲያስ?»

«እዋኛለሁ።»

በአምስተኛው መስመር የምትዋኘው የወልቂጤዋ ዮርዳኖስ ነበረች፤ ከሁሉም የተሻለ ሰዓት ያላት። እሷ ግን ፎጣ ተከናንባ አግዳሚው ላይ ተኮራምታለች። አሠልጣኟ «ታማለች፤ አትወዳደርም» ሲል ሰማሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ልቤ በደስታ ዘለለች። በቃ፣ አለፍን አልኩ።

ሆሳዕና ልጅቷን አተኩራ አየቻት። ሄዳ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ይዛት ወደ ልብስ መቀየሪያው ገባች። ሲወጡ ዮርዳኖስ ወይዘሮ ፋንቱ ለሆሳዕና በትርፍነት የሰፉላትን ጥቁር ቁምጣ ለብሳለች።

«ምን ማድረግሽ ነው?» ደሜ ፈላ። «የምትቀድምሽን ልጅ ታስታጥቂያለሽ?»

«ኮች፣ ባዶ መስመር ቀድሜ አንደኛ ወጣሁ ልበል?»

ሰዓቴን ይዤ ወደ ገንዳው ዳር ሄድኩ።

ፊሽካው ተነፋ። እስከ ግማሽ ድረስ ዮርዳኖስ በአንድ ክንድ መራች። ግድግዳውን ነክተው ሲዞሩ ወይዘሮ ፋንቱ በጉራጊኛ መጮህ ጀመሩ፤ የእኔ ድምፅ ከነጭራሹ ጠፋ። አሥር ሜትር ሲቀር ጎን ለጎን ሆኑ። ሆሳዕና ለመተንፈስ እንኳ ቀና አላለችም። በአንድ መዳፍ ቀድማ ነካች።

ቡታጅራ አንደኛ! ልጆቼ እየጮኹ ተቃቀፉ፤ እኔም ዳኛውን ማቀፌ ትዝ ይለኛል። አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሁለቱ ልጆች ገና ውሃው ውስጥ ሆነው ገመዱን ይዘው ያለከልካሉ።

«በሚቀጥለው እቀድምሻለሁ» አለች ዮርዳኖስ።

«ነይ ብቻ» አለቻት ሆሳዕና። «አትቅሪ።»