ዳንቴል የለበሰችው ቦክስ

ነገሩ የተጀመረው ማክሰኞ ከዙህር በኋላ ነው። አያ ኡዘይር ቴሌቪዥን ከፍተው ተቀምጠው ሳለ ስክሪኑ መሐል አንድ ጽሑፍ ብቅ አለ። እንግሊዝኛ ነው። መነጽራቸውን ፈልገው እስኪያገኙ ድረስ ቆሞ ጠበቃቸው። "አዲስ ማሻሻያ መጥቷል፤ ይጫን?" የሚል መሰላቸው። እንግዳ ደጅ ቆሞ "ቤቶች!" ሲል "ይግቡ" ነው እንጂ "ማን ነህ፣ ከየት መጣህ" አይባልም፤ እሳቸው ያደጉት እንዲህ ነው። ሪሞቱን አነሡና እሺ አሉ።

ወይ እሺ ማለት! ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለችው ቦክስ ጠፋች። ደግሞ በራች፣ ምልክቷን አሳየች፣ አንዲት ትንሽ ክብ ስትሽከረከር ቆየች፣ ከዚያ ድርግም አለች። ደግሞ በራች፤ ያው ምልክት፣ ያው ክብ፣ ያው ጨለማ። አያ ኡዘይር የዐስር አዛን እስኪሰማ ከፊቷ ቁጭ ብለው ጠበቋት። ማን ያውቃል፣ ይሻላት ይሆናል ብለው ማታም ሳይነቅሏት አደሩ። አልተሻላትም።

አያ ኡዘይርን አራዳ ገበያ ላይ የማያውቃቸው የለም፤ ቢያንስ ድሮ አልነበረም። አርባ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ሸጠዋል፤ የስንቱ ሙሽራ ልብስ በሳቸው ሜትር ተለክቷል! ሱቁን ለወንድማቸው ልጅ ለቀው ቤት ከዋሉ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ሚስታቸው ዐዚዛ ከሞተች ደግሞ ዓመት ከሁለት ወር። አንዲት ልጃቸው ሒክማ ሐዋሳ ናት፤ ትዳር አላት፣ ሥራ አላት፣ ሦስት ልጆች አሏት፤ መንገዱም ተከፈተ ሲባል ተዘጋ የሚባል ነው። በለቅሶው ጊዜ ቤቱ ከነግቢው ሰው ሞልቶት ነበር። ከዚያ ሰው ወደየኑሮው ሄደ፤ ምን ያድርግ? ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ከጁምዓ በቀር መስጊድም አይወጡም። በዚያ ቤት አፍ ያላት ያቺ ቦክስ ብቻ ነበረች።

መዳፍ የምታህል ጥቁር ዕቃ ናት። ከቴሌቪዥኑ ጋር ተያይዛ በቤቱ ዋይፋይ የዓለሙን ወሬ ሁሉ ትስባለች። ሒክማ ናት እናቷ ስትታመም አልጋ ላይ ሆና እንድታይባት የላከቻት። አያ ኡዘይር ለሱብሒ ሲነሡ ይከፍቷታል፣ ሊተኙ ሲሉ ይዘጓታል። ዜና አንባቢዋ "እንደምን ዋላችሁ ተመልካቾቻችን" ስትል "አልሐምዱሊላህ፣ እናንተስ እንዴት ዋላችሁ?" ይሏታል። የሆነ አገር ምግብ አብሳይ ሽንኩርቱን ሲያሳርር "ተው አንተ ሰውዬ፣ አረረ!" ብለው ይቆጡታል። መልስ አይሰጧቸውም። ቢሆንም ሰው የሚናገርበት ቤት ነው።

አሁን ቤቱ ዝም አለ። ዝም ያለ ቤት ክፉ ነው። ፍሪጁ ሲያጓራ፣ ቧንቧው ጠብ ሲል፣ የገዛ ትንፋሻቸው ሲገባና ሲወጣ ተሰማቸው። እራታቸውን ቆመው በሉ።

ረቡዕ ጧት ለሒክማ ደወሉላት።

"አባባ፣ ነቅለህ ሰካት።"

"ነቅዬ ሰካኋት።"

"ከዲቫይደሩ አውጣትና ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካት።"

"እሱንም አድርጌያለሁ።"

"ከኋላዋ ፍላሽ ካለ አውጣው። አንዳንዴ በፍላሹ ልነሣ ስትል ትደናገራለች።"

"አወጣሁት። ያው ናት።"

"እንግዲያው ማሻሻያው ነው ያበላሻት። ሠራተኛ ጋ ውሰዳት። አባባ፣ ስብሰባ ልገባ ነው፤ ማታ እደውላለሁ፣ እሺ?"

"እሺ" አሉ። ማታ በጣም ሩቅ መሰላቸው።

ቦክሷን ለመውሰድ መጀመሪያ ልብሷን ማውለቅ ነበረባቸው። ዐዚዛ፣ አላህ ይርሐማትና፣ ዳንቴል ያልሠራችለት ዕቃ በዚያ ቤት የለም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል፣ ሬዲዮው፣ የሶፋው ክንድ፣ የጋዙ ሲሊንደር ሳይቀር ለብሷል። "እዚህ ቤት ራቁቴን የቀረሁ እኔ ብቻ ነኝ" እያሉ ያበሽቋት ነበር። "አንተማ ብትለብስም አታምር" ትላቸዋለች። የቦክሷን ዳንቴል የሠራችው አልጋ ላይ ሆና ነው። ክሩ ድርብ ነው፣ አራቱም ማዕዘን ልክክ ብሎ ይገጥማል፣ ለገመዱ ቀዳዳ ተትቶለታል፣ አቧራ እንዳይገባ ደግሞ ከታች ላስቲክ ገብቶበታል። ጨርሳ ባለበሰቻት በስምንተኛው ቀን ሞተች። እጇ የመጨረሻ የሠራው እሱን ነው። አያ ኡዘይር ላስቲኩን ቀስ ብለው አላቀቁና ዳንቴሉን አጥፈው ትራሳቸው ሥር አኖሩ። ቦክሷን በፌስታል ይዘው በባጃጅ አራዳ ወጡ።

ቢያዝን የድብ ባሕር ሰው ነው። አራዳ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ከቴሌቪዥን እስከ ሞባይል ያለውን ሁሉ ይጠግናል። ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶት፣ ከተማ ከገባ ዐሥራ አምስት ዓመት አልፎትም አነጋገሩ የአገሩን ለዛ አልለቀቀም። ቦክሷን ተቀብሎ ከራሱ ስክሪን ጋር አያያዛት። ምልክቷ መጣ፣ ክቧ ዞረች፣ ከዚያ ምንም እንዳልነካት ተከፈተች።

"ምነው አያ ኡዘይር! ምኗ ታመመ? ሸጋ ናት እኮ።"

"ወላሂ ሌሊቱን ሙሉ ስትወድቅ ስትነሣ ነው ያደረችው።"

"እንግዲያው ትንሽ እንያት፤ እዚህ ይቀመጡ።"

ሁለት ሰዓት ሙሉ አዩዋት፤ አንዴም አልጠፋች። አያ ኡዘይር በርጩማው ላይ ተቀምጠው፣ ከጎረቤት ሻይ ቤት የመጣላቸውን ሻይ ፉት እያሉ፣ ከወጪ ገቢው ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ ቆዩ። አንዷ ሴትዮ አወቀቻቸው። "የሠርጌን ቀሚስ ከእርስዎ ነው የገዛሁት!" አለች። ቀለሙን ሳይቀር አስታወሱላት።

ቤት ገቡና ቦክሷን ዳንቴሏን አልብሰው ሰኳት። ሩብ ሰዓት ሳትሞላ ድርግም አለች። ከዚያ ያው ምልክት፣ ያው ክብ።

ሐሙስ ይዘዋት ሄዱ። አራዳ ላይ ደህና ናት። ቢያዝን ቻርጀሯን ጠርጥሮ ቀየረላት። ቤት ገባች፣ ለበሰች፣ ጠፋች። ቅዳሜ ደግሞ ወሰዷት። ቢያዝን ከሥሯ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ስቴኪኒ አስገብቶ የነበራትን ሁሉ አጠፋና ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ጫነባት። ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ስትለፈልፍ ዋለች። ከጎኑ ሰዓት የሚሸጠው የሻው አንገቱን አስግጎ አያት።

"ጋሼ ኡዘይር፣ ይቺ ቦክስ ሰው ትወዳለች" አለ። "ቤት ስትገባ ይከፋታል።"

ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። አያ ኡዘይርም ሳቁ፤ ሆዳቸው ግን አልሳቀም። ባጃጅ ውስጥ ሆነው ነገሩን አመነዠጉት። ሰው ናፍቆት ነው የሚመላለሰው ብለው ይሆን? በሽታዋን ፈጥሮ ነው ብለው ይሆን? እሳቸው እኮ ሰው ወረፋ ጠብቆ የሚያማክራቸው ነጋዴ ነበሩ። የማንም በርጩማ አሟቂ ሆኑ ማለት ነው? ያን ዕለት ማታ ቦክሷ ስትጠፋ ገመዷን ነቀሉና ከነዳንቴሏ ተዉአት። ከእንግዲህ አራዳ አልሄድም አሉ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ክፉ ነበሩ። ሰኞ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀዱ፤ ሁለተኛውን ለዐዚዛ እንደቀዱት ያወቁት ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ማክሰኞ ስልካቸው ጮኸ። የማያውቋት ሴት ናት። "አስማረ ነህ?" አለች። ሌላ ሰው ቢሆን "ተሳስተሻል" ብሎ ይዘጋል። እሳቸው ግን "አስማረን ለምን ፈለግሽው?" አሉ። ሴትዮዋ ዘጋችው። አያ ኡዘይር ስልኩን ይዘው እንደቆሙ ቀሩ፤ አፈሩ። ረቡዕ ከማንም ጋር አንድ ቃል ሳይነጋገሩ መሸ።

ሐሙስ እስቲ አንዴ ደግሞ ልሞክራት አሉ። አቧራዋን ሊጠርጉ ዳንቴሏን አውልቀው፣ ጠራርገው፣ ገመዷን ሰክተው ሳለ የዐስር አዛን ተሰማ። ሳያለብሷት ለውዱእ ሄዱ። ሰግደው ሲመለሱ ዜና አንባቢዋ ታወራለች። ግማሽ ሰዓት አለፈ፣ ሰዓት አለፈ፤ ታወራለች!

"ማሻአላህ!" ብለው ዳንቴሉን አምጥተው አለበሷት። ደህና ልጅ ራቁቷን አትቀመጥም። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ድርግም። እጃቸውን ሰደድ አድርገው ቢነኳት እንደ ትኩስ ድንች ትፋጃለች። አወለቁላት። ቀዘቀዘችና ተነሣች። አለበሷት። ወደቀች።

አያ ኡዘይር ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። ለካስ ያን ሁሉ ቀን ማሻሻያውን ሲረግሙ የከረሙት የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ኖሯል! ያፈናት የዐዚዛ ዳንቴል ነው።

ታዲያ ደስ ሊላቸው አይገባም? ዳንቴሉን ማንሣት ነው፤ ቤቱ ድምፅ ያገኛል፤ አለቀ። እሳቸውም እንዲህ ብለው ነበር። ግን ቦክሷ ከዳነች ወዲያ ቢያዝን ጋ ምን ብለው ይሄዳሉ? ያ በርጩማ፣ ያ ሻይ፣ ያ "ምነው አያ ኡዘይር!" ሊቀር ነው። ሁለት ቀን ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰነበቱ። በአርባ ዓመት ንግድ አንድ ስንዝር ጨርቅ ያላጎደሉ ሰውዬ ቅዳሜ ስልክ አንሥተው ዋሹ።

"ቢያዝን፣ አሁንም አልሆነችም። ቤት መጥተህ ብታያት? ምናልባት የቤቱ መብራት ይሆናል።"

"ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ እመጣለሁ።"

እሑድ ጧት አያ ኡዘይር ቤቱን ጠረጉ። ተምር፣ ኦቾሎኒና ትኩስ ዳቦ ገዙ። ወተት አላፈሉም፤ ጾም ነው። አርባ ዓመት የክርስቲያን ደንበኛ የነበረው ሰው ጾሙን ከቄሱ እኩል ያውቃል። ከሁሉ በኋላ ቦክሷን ዳንቴሏን አልብሰው፣ ደህና አድርጋ እንድትታመም እንግዳው ከመድረሱ አንድ ሰዓት በፊት ሰኳት።

ቢያዝን ነጠላውን እንደለበሰ መጣ። ሶኬቱን ለካ፤ ደህና ነው። ገመዱን አየ፤ ደህና ነው። ከዚያ እጁን ዳንቴሉ ላይ አሳረፈ።

"እሳት ናት እኮ! ይህን ማን አለበሳት?"

"ዐዚዛ።"

ቢያዝን እጁን አነሣ። ለለቅሶው መጥቶ ነበርና ዐዚዛ ማን እንደሆነች ያውቃል። ላስቲኩን በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ አላቀቀና ዳንቴሉን አጥፎ አያ ኡዘይር ጉልበት ላይ አኖረው።

"አዲሱ ሶፍትዌር ብዙ ያሠራታል፤ ስትሠራ ትግላለች። ድሮ ችላው ነበር፣ አሁን ግን ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ እንዳትቃጠል ራሷን ታጠፋለች። እኔ ጋ ራቁቷን ስለምትመጣ ነው ደህና የምትሆነው።" ቀና ብሎ አያቸው። "እንዲህ ስትፋጅ እጅዎ ነክቷት አያውቅም?"

አያ ኡዘይር ዳንቴሉን አገላበጡ። ሌላ ውሸት ፈለጉ፤ አልመጣላቸውም።

"ነክቷታል።"

"መቼ?"

"ሐሙስ።"

"የደወሉልኝ ትናንት ነው።"

"አዎ፣ ትናንት ነው።"

ቢያዝን ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ተምሩን አየ፣ ዳቦውን አየ፣ የተወለወሉትን ሁለት ብርጭቆዎች አየ።

"ከዐዚዛ ለቅሶ ወዲህ ይህን ደጅ ያለፈ ሰው የለም" አሉ አያ ኡዘይር። "ቦክሷ ስታወራ እኔ እመልስላታለሁ፤ እኔ ሳወራ ግን የሚመልስልኝ የለም። በዚህ ዕድሜዬ ዋሽቼ ከዕረፍትህ አስነሥቼ አመጣሁህ፤ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።"

"ኧረ ምን በወጣዎ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም? 'ና፣ ሻይ ጠጣ' ቢሉኝ አልመጣም ኖሯል?"

"ምን ብዬ? ሰባ ዓመት የሞላው ሰው 'ሰው ናፈቀኝ' ብሎ ስልክ ይደውላል?"

ቢያዝን ሶፋው ላይ ተቀመጠና ነጠላውን ሰበሰበ።

"እናቴ ድብ ባሕር ብቻዋን ናት" አለ። "በየሳምንቱ ትደውላለች። 'ይህ ስልክ ምን ነካው፣ አልሰማ አለኝ' ትለኛለች። እኔም 'አጥፍተሽ አብሪው እማ' እላትና እዘጋለሁ።" አንገቱን ደፋ። "ስልኩ እኮ ምንም አልነበረውም። አዲስ ነው፤ እኔ ነኝ የገዛሁላት።"

አያ ኡዘይር ተነሥተው ዳንቴሉን ቴሌቪዥኑ ሥር አነጠፉት፤ ቦክሷን ከላዩ አስቀመጧትና ሰኳት። ምልክቷ መጣ፣ ክቧ ዞረች። ከዚያ ብርጭቆዎቹን አቅርበው ሻይ መቅዳት ጀመሩ።

"እናትህ ስማቸው ማን ይባላል?"

"የትነበርሽ።"

"ስኳር ስንት ላድርግልህ? የትነበርሽ ስንት ዓመታቸው ነው? ከሄድክ ስንት ጊዜህ ነው? ተናገር እንጂ!"

ቦክሷ ተከፈተች። "እንደምን ዋላችሁ ተመልካቾቻችን" አለች ዜና አንባቢዋ።

አያ ኡዘይር አልመለሱላትም፤ ከሰው ጋር እያወሩ ነበር።