የጆሮ ሸክላዎች

ልንገረው ወይስ ልተወው? ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ስተኛም ስነሳም ሳገላብጠው ኖሬ መልስ አላገኘሁለትም። ባሌ አይሰማም። የበሩን ደወል አይሰማም፣ ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ አይሰማም፤ ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን አጥር ተንዶ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ሲወጣ እሱ በረንዳ ላይ ጋዜጣውን ገለጥ አድርጎ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ። ታዲያ ይኸው ሰው ጃዝ ከሚያዳምጡት ጓደኞቹ መካከል በመስማት የተመሰከረለት ነው። ስሙን ትተው «ጆሮ» ነው የሚሉት። ጉድ በሉ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ሲጠግን ኖረ። መቶ ሃያ ማሽን በአንድ አዳራሽ ሲንኳኳ የሚውልበት ቦታ ነው። እዚያ የሚሠራ ሰው የጓደኛውን ከንፈር እያየ መግባባት ይለምዳል። ስለዚህ ፊት ለፊት ከቆማችሁለት የጠየቃችሁትን ሁሉ ይመልስላችኋል። ከኋላው ከሆናችሁ ግን ከግድግዳ ጋር አውሩ። አንድ ቀን እንደ ምንም ደፍሬ «ሐኪም ቤት እንሂድ» ብለው ከንፈሬን አይቶ «ማን ታመመ?» አለኝ። እኔም ወገቤን አልኩት። ወስዶ አስመረመረኝ። ወገቤ ደህና ነው።

የሙዚቃ ሸክላዎቹን መሰብሰብ የጀመረው ገና ወጣት ሳለ ነበር። አሁን ስምንት መቶ ናቸው መሰለኝ፤ ሳሎናችን አንዱን ግድግዳ ለእነሱ ለቋል፣ የስፌት መኪናዬ የነበረችበት ጥግም የእነሱ ሆኗል። ልጆቻችን አድገው ሲወጡ ቤቱ ይሰፋልኛል ብዬ ነበር። የሞቱ ጥሩምባ ነፊዎች ገቡበት። እያንዳንዳቸውን በየልባሳቸው፣ በየፊደል ተራቸው አቁሞ ያስቀምጣቸዋል፤ ከተጋደሙ ይጣመማሉ ይላል። እኔ ወገቤን አመመኝ ያልኩ ጊዜ የት እንደምጋደም የጠየቀኝ የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጓደኞቹ ይመጣሉ። አንደኛው ጡረታ የወጣ ፋርማሲስት ነው፤ አፉ አያርፍም። ሁለተኛው ሰዓት ሠሪ ነው፤ ከእሱ ቃል ለማውጣት ጉጠት ያስፈልጋል። ደንብም አላቸው። ሸክላው ሲዞር አይወራም። ብስኩት አይታኘክም፤ እኔ ብስኩት የማቀርበው እንግዲህ እንዲያዩት ነው። ስልክ በር ላይ ካለው የጫማ መደርደሪያ አያልፍም። የሸክላው አንድ ገጽ ሲያልቅ ተረኛው ተነስቶ ይገለብጠዋል። ከዚያ ክርክር ይነሳል፤ ከበሮውን የመታው እገሌ ነው፣ አይ እገሌ ነው ሲባባሉ ቆይተው ወደ ባሌ ይዞራሉ። እሱም መዳፉን ከስፒከሩ ሳጥን ላይ ሳያነሳ ይፈርዳል። መዳፉ ለምን እዚያ እንዳለ አንዳቸውም ጠይቀውት አያውቁም። የጥበብ ነገር መስሏቸዋል። ፍርዱም ስቶ አያውቅም፤ ከአርባ ዓመት በፊት የሰማውን በልቡ ይዞታል።

«ስልክ ላይ ያለው ሙዚቃ እኮ ክኒን ነው» ይላል ፋርማሲስቱ። «ዋጥ ታደርገዋለህ፣ አለቀ።»

«ክኒን ሸጠህ ነው ቤት የሠራኸው» ይለዋል ሰዓት ሠሪው።

«ለዚህ ነዋ የማውቀው።»

ባሌ ደግሞ ሚጡን አየት ያደርግና «ሚሊዮን ዘፈን በኪሱ ይዞ አንዱን እስከ መጨረሻ የማይሰማ ትውልድ» ይላል።

ሚጡ የልጄ ልጅ ናት። እኛ ዘንድ ነው የምትኖረው፤ ማተሚያ ቤት ውስጥ የመጽሐፍ ሽፋን ትሠራለች። እሷ ደግሞ ጠዋት ሁለት ነጭ ነገር ጆሮዋ ውስጥ ሰክታ ማታ ነው የምታወጣው። በዚህ ቤት አንዱ መስማት ስለማይችል አይሰማኝም፣ አንዷ ጆሮዋን ስለወተፈች አትሰማኝም። እኔ ግን ሳላቋርጥ እናገራለሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ። አያቷ እንደማይሰማ ሚጡም ታውቃለች። ማወቋን አውቃለሁ። አንድም ቀን አላነሳነውም።

የዚያን ቅዳሜ ነገር የመጣው ከአንድ ሸክላ ነው። ባሌ በወጣትነቱ ሲወደው የኖረ የአንድ ሳክስፎን ነፊ ሸክላ ነበረው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለአንድ ወዳጁ አዋሰውና ወዳጁም ሸክላውም አገር ቀየሩ። ከዚያ ወዲህ ሲያፈላልግ ኖሮ በመጨረሻ ከባሕር ማዶ በፖስታ አስመጣው። ሚጡ ያንኑ ዘፈን ስልኳ ላይ በአንድ አፍታ ነበር ያገኘችው። «አባባ፣ ይኸውልህ» ብላ ስታሳየው ሁለት ቀን አኮረፋት።

«ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሰውየው መንፋት ከመጀመሩ በፊት ትንፋሹን ሲስብ ይሰማል» አላት ኩርፊያው ሲለቀው። «ስልክ ያንን ቆርጦ ይጥለዋል።»

ለጓደኞቹም ይህንኑ ነገራቸው። ቅዳሜ ትንፋሹን ላሰማችሁ ነው አለ። ሳምንቱን ሙሉ ሸክላውን ሳይከፍት በየቀኑ አቧራውን ይጠርግለታል። እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የደም ግፊቴ ሲወጣ ሰነበተ። የማይሰማ ሰው ትንፋሽ ሊያሰማ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሩን ሊስተካከል ወጣ። እንግዳ ሲመጣ አቧራ አይታይ ብዬ የሸክላ ማጫወቻውን ጠረጴዛ ሳብ አድርጌ ከኋላ መጥረግ ጀመርኩ። ከማጫወቻው ወደ ድምፅ ማጉያው አምፕሊፋየር የሚሄደው ገመድ በጠረጴዛው እግር ተይዞ ኖሮ ቀጭ አለ። ሚጡን ጠራኋት። ሦስት ጊዜ ጠራኋት፣ ከዚያ ሄጄ ከጆሮዋ ነጩን ነገር ነቀልኩ።

«ምን አደረግሽ እማማ?» አለች ገመዱን አንስታ።

«ምንም። ጠረግሁ።»

«ይኼ እኮ ተበጥሷል።»

«ቀጥይዋ።»

«ሸማ አይደለም እማማ። የሚሸጥበት ሱቅ ደግሞ ሰኞ ነው የሚከፈተው።»

«እሺ፣ ሲመጣ እንነግረዋለን። ይቆጣል፣ ይበርድለታል።»

እውነቴን ነበር፤ ልነግረው ነበር። ግን ይህን ብዬ ሳልጨርስ የውጭው በር ተንጓጓ። ባሌ ብቻውን አልነበረም። ሁለቱ ጓደኞቹ ፀጉር ቤት ድረስ ሄደው ይዘውት መጥተዋል፤ ከቀጠሮው ሁለት ሰዓት ቀድመው፣ ልጅ ፊኛ ሊገዛለት ሲል እንደሚቸኩለው። ባሌ ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ ሳይ መንገሩን ተውኩት። ሌላም ነገር ታየኝ። ድምፅ የሌለው ሸክላ ያስነሳል፤ መርፌው ይሄዳል፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል፤ እነዚህ ሁለቱ ያዩታል።

ሚጡም የታያት ያው ይመስለኛል። እነሱ በር ላይ ጫማቸውን እስኪያወልቁ ከክፍሏ ቀጭን ገመድ አምጥታ አንዱን ጫፍ አምፕሊፋየሩ ላይ፣ ሌላውን ስልኳ ላይ ሰካችና ስልኩን ከጠረጴዛው ጀርባ ደበቀችው። ከዚያ አጠገቡ በርጩማ ላይ ቁጭ አለች።

«ሚጡም ልትማር መጣች» አለ ባሌ፤ ደስ ብሎት ፀጉሯን ዳበሳት።

«መማርስ ነው» አልኩ በሆዴ።

ስልኮች ጫማ መደርደሪያው ላይ ተቀመጡ። ባሌ እጁን ታጥቦ ሸክላውን ከልባሱ አወጣ፣ በጠርዙና በጠርዙ ይዞ ወደ መስኮቱ አዘንብሎ አየው፣ አስቀመጠው፣ መርፌውን አወረደ። ሚጡ እጇን ወደ ኋላ ላከች። ሙዚቃው ጀመረ። እኔ የብስኩቱን ሳህን ይዤ በሩ ጋ ቆሜያለሁ።

የመጀመሪያው ዘፈን ሲያልቅ ፋርማሲስቱ ደንቡን ጥሶ ተነፈሰ።

«እህ። ይኼን ይኼን ነው የምላችሁ። ሙቀቱ። ስልክ ይኼን ሙቀት ከየት አባቱ ያመጣዋል?»

ሰዓት ሠሪው ራሱን ነቀነቀ። «ሸክላ ሸክላ ነው» አለ። ለእሱ ይህ ንግግር ነው።

ሚጡ ከንፈሯን ነከሰች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእነዚህ ሁለቱ ግን ከባለቤቱ ጋር ከነጭራሹ አይተዋወቅም። እኔም ትንሽ ትንሽ መተንፈስ ጀመርኩ። ሁለተኛውም ዘፈን በሰላም ሄደ። እንደውም አንዱን ብስኩት ራሴ በላሁት፣ ቀስ ብዬ።

ሸክላ ላይ በዘፈንና በዘፈን መካከል የሚያብለጨልጭ ቀጭን ክፍተት አለ። ባሌ ዓይኑን ከፍቶ መርፌው ያንን ክፍተት ሲሻገር ጠበቀ። ከዚያ መዳፉን ከሳጥኑ አንስቶ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ።

«አሁን» አለ። «ትንፋሹን።» ዓይኑን ጨፈነ።

«የእግር ጣትዎ መሐል ያሳክክዎታል?» አለች አንዲት ሴት ከሁለቱ ስፒከሮች።

ሚጡ በኋላ እንደነገረችኝ ሙዚቃውን የምትሰማው ሳትከፍል ነው፤ ሳይከፈል የሚሰማ ደግሞ በየመሐሉ ማስታወቂያ ይገባበታል። ስትደናገጥ አልታሰባትም። ያን ጊዜ ግን እኔ የማውቀው ሴትዮዋ ሳሎኔ ውስጥ ስለ እግር ቅባት እያወራች መሆኗን ብቻ ነው።

ፋርማሲስቱ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ሰዓት ሠሪው ወደ ስፒከሩ፣ ከዚያ ወደ ሚጡ ዞረ። ባሌ ዓይኑን እንደጨፈነ ፈገግ አለ።

«ሰማችሁ?» አለ። «እንዴት አድርጎ ከሆዱ እንደሚስበው። አሁን ደግሞ ሲያለቅስ ስሙት።»

«በሦስት ቀን ውስጥ ሽታውንም ያጠፋል» አለች ሴትዮዋ።

የፋርማሲስቱ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መሳቁን ላለማሰማት አፉን በሁለት እጁ ያዘ፤ ለማን ብሎ እንደሆነ እንጃ። ሰዓት ሠሪው በክርኑ ጎሸመው። ያኔ ሚጡ ተደናግጣ ገመዱን ነቀለችው።

ስፒከሮቹ ጭጭ አሉ። ሸክላው ይዞራል። ባሌ በቀሰረው ጣቱ አየር ላይ ምቱን እየጠበቀ፣ ራሱን ወዲያና ወዲህ ያደርጋል፤ አንድ ቦታ ላይ ፊቱ ጭምድድ ብሎ ዓይኑ ጥግ ላይ እንባ አቀረረ። ፋርማሲስቱ ከሳቁ መሐል ባሌ እንደማይሰማ ድንገት ገባውና እጁን ከአፉ አወረደ። የባሌን ትከሻ መንካት እችል ነበር። ሁለት እርምጃ ነው። ሳህኑን ይዤ ቆምኩ።

ከዚያ ባሌ መዳፉን ወደ ሳጥኑ መለሰ።

አላነሳውም። እዚያው አቆየው፤ ጣቶቹን ዘረጋ፣ ጫን አደረገ። ዓይኑን ከፈተና የእያንዳንዳችንን አፍ ተራ በተራ አየ።

ሰዓት ሠሪው ወንበሩን ወደ እሱ አዞረ። ደግ ሰው ነው፤ ክፋት አስቦ አይደለም። ፊቱን ቀና አድርጎ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየ፣ «ተሰማ፣ ጆሮ» አለው። «ትንፋሹ በደንብ ተሰማ።»

ባሌ የሰዓት ሠሪውን ከንፈር እስኪያልቅ አነበበው። መዳፉ አሁንም ዝም ያለው ሳጥን ላይ ነው። ቀጥሎ ሚጡን አየ፤ በአንድ እጇ ስልኩን፣ በሌላው ገመዱን እንደያዘች ደርቃለች። ቀጥሎ እኔን አየኝ። «ገመዱን የበጠስኩት እኔ ነኝ፣ እሷን አትቆጣት፣ ስጠርግ ነው» አልኩ፤ ሌላ የምለው አጥቼ። ከንፈሬን እያየ ነበር። ነገሩ ስለ ገመዱ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ተነሳ። መርፌውን ከፍ አድርጎ ወደ ቦታው መለሰ። ሸክላው መዞሩን እስኪያቆም ጠበቀው፤ በጠርዙና በጠርዙ ያዘና ልባሱ ውስጥ ከተተው። ከመደርደሪያው ላይ ሁለት ሸክላዎችን ገፋ አድርጎ በፊደል ተራው አቆመው። ማንም ከወንበሩ አልተነቃነቀም። በመካከላችን አልፎ በር ጋ ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አደረገ፣ ክሩን ሁለት ጊዜ ቋጠረው፣ በሩን ከፈተ፣ ወጣና ከኋላው ቀስ አድርጎ ዘጋው።