ሂና ያልነካው ጅራት

ነግላ በግብፅ አስዩት ከተማ ለሕክምና ተማሪዎች የሰውነት አካል ጥናት ታስተምራለች። የምርምር አይጦቿን የምትለየው በሂና ነው፤ ሌላውን ቀለም ልሰው ያጠፉታል። ጅራታቸው የቀላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይጋታሉ፣ ያልቀላው ውሃ ብቻ። በኢድ ዋዜማ ሂናውን የቀባችላቸው ልጇ ሩቂያ ነበረች። የተረፈውን መዳፏ ላይ አድርጋ፣ እኔም ያንኑ መድኃኒት ስለምወስድ ከቀዮቹ ወገን ነኝ ብላ ሳቀች። እናትየዋ አልሳቀችም።

ከሳምንታት በኋላ ነግላ የአይጦቹን ጉበት በማይክሮስኮፕ አየች። ውሃ የጠጡት ደህና ናቸው። የሂናዎቹ ጉበት ግን በስብ ጠብታ ተበሳስቶ ወንፊት መስሏል። ለአይጦቹ የሚሰጠው የመድኃኒት መጠን ለልጅ ከሚሰጠው እጅግ እንደሚበልጥ ስታስተምር የኖረች ሴት፣ ለራሷ ማስተማር አቃታት። የሩቂያ ሐኪም የደም ምርመራዋ ደህና ነው ቢላትም አላመነችውም። ልጅቷ የሞሎኪያ ቅጠል ወጧን በዳቦ እየጠቀሰች ስትበላ፣ ነግላ በልጇ ሸሚዝ ውስጥ አልፋ ያንን ወንፊት ታያለች። ዐይኗን ብትጨፍንም አይለቃትም። ዕውቀት ወደ ፈራች እናት ቤት የሚገባው አንደበቱን በር ላይ ትቶ ነው።

ለማንም ሳትናገር የሩቂያን የመድኃኒት ሽሮፕ በስኳር ውሃ ታቀጥነው ጀመር። እያደር ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ስኳርና ውሃ ብቻ ሆነ። መድኃኒቱ ያደነዝዛት የነበረችው ሩቂያ ጠዋት ጠዋት ነቃ ነቃ አለች፤ እናትየዋም እንቅልፍ አገኘች። ጉድና ጅራት ግን ከወደኋላ ነው።

ዓርብ ምሳ ላይ የሩቂያ ማንኪያ ወደቀ፤ ቀጥሎ እሷ ራሷ። ነግላ በጎኗ አስተኝታ ጭንቅላቷን ደገፈች። ያ የበሽታዋ መንፈራገጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቱን ትቶት ነበር፤ መንገዱን ግን አልረሳም።

ሲለቃት ከንፈሯ ደም ነክቶታል። ልጅቷ መዳፏን ዘርግታ አየችው። የኢዱ ሂና ጠፍቷል።

«እማዬ» አለች በደከመ ድምፅ፣ «ሽሮፑ ስኳር ስኳር ይላል። ውሃ ወደሚጠጡት አይጦች አዛወርሽኝ እንዴ?»

«መቼ ነው ያወቅሽው፣ የኔ ልጅ?»

«ቆየ። አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ነግላ በሐፍረት ተቃጠለች። ለሐኪሙ ደውላ የሠራችውን ሳትደብቅ ነገረችው፤ እሱ ያዘዘውን መጠንም ከአዲስ ጠርሙስ ቀዳች። ሩቂያ አፏን ከፈተችላት። ሽሮፑ በጉሮሮዋ ሲወርድ ነግላ አየች፤ ወደዚያ ወንፊት ሲደርስም አየች።