የስንቄ እኩሌታ

«አጨብጭቡ እንጂ!» አለ ከአውራጃ የመጣው ካድሬ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ስንቄ እጇን ከነጠላዋ ውስጥ አላወጣችም።

ሰኔ 1978 ዓ.ም. ነው። ከዳባት በላይ ያለው ቀበሌ ለእርሻ በሚሯሯጥበት ሰሞን፣ ሴቶቹ ሥራ ፈተው የሕገ መንግሥት ረቂቅ እንዲያዳምጡ ተጠርተዋል። ካድሬው፣ አገሪቱ የዓለም መንግሥታት ስለ ሴቶች መብት የተዋዋሉትን ስምምነት ከተቀበለች ዓመታት እንዳለፉ፣ አሁን ደግሞ የወንድና የሴት እኩልነት በራሷ ሕግ ሊጻፍ እንደሆነ አስረዳ። «ጥያቄ ያለው ካለ?» አለ፤ ይኖራል ብሎ ግን አይደለም።

ስንቄ ተነሣች። «ጓድ፣ ያ ስምምነት እኛ ቀበሌ ይደርሳል?»

«እንዴታ! ለመላው ኢትዮጵያ ነው።»

«እንግዲያ መሬቴን ይመልሱልኝ።»

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ያርጋል ብድግ አለ። «ይህ ተቆርጧል! መሬት የተሰጠ ለአባወራ ነው። ከዳኘው ተፋታሽ፣ መሬቱ ከእሱ ዘንድ ቀረ። አለቀ!»

«የእናቴ ርስት ነበር! ዳኘው ሲያገባኝ አንድ ትልም አልነበረውም። መሬት ላራሹ ስትሉ በእሱ ስም ጻፋችሁት። ባሌ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ዛሬም ርስት ትያለሽ?»

በዚያ በሚረግሙት የንጉሡ ዘመን እንኳ ሴት ልጅ ከእናቷ ርስት ትካፈል ነበር። ባለፈው ወር ሽማግሌዎች ሲያፋቷቸው በጉንም ገብሱንም ማሰሮውንም እኩል አካፍለዋል፤ ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ደርሷታል። መሬቱ ላይ ሲደርሱ ግን «እሱ የመንግሥት ነው» ብለው ተነሡ። አሁን መንግሥት ተብዬው ፊቷ ቆሞ ስለ እኩልነት ያወራል፤ ዓይን አውጣ!

«ስምምነቱን የተቀበለ መንግሥት ነው» አለች ወደ ካድሬው ዞራ። «ያርጋልስ የማን ሹም ነው?»

ካድሬው ሰዓቱን አየ። «የግል ጉዳይ እዚህ አይነሣም» አለና ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ተደግፏል» ብሎ ጻፈ።

ስትወጣ ዳኘው በር ላይ ጠበቃት።

«ስንቄ፣ በሬሽን አቀናጅኝ። በአንድ በሬ እንዴት ልረስ? ሲወቃ አንድ ዳውላ ገብስ እሰጥሻለሁ።»

«ከእናቴ መሬት?»

ያርጋል ከኋላ ደረሰ። «ስጪው! መሬት ጦም አያድርም። እምቢ ካልሽ ከማኅበሩ ሱቅ ጨውም ሳሙናም አታገኚ።»

ስንቄ ጥላቸው ሄደች። ክረምቱን ያለ ጨው ማለፍ ቀላል አይደለም፤ ዳውላ ገብስም ለባዶ ቤት ብዙ ነው። ይህን ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ አሰበችው።

በማግሥቱ ማለዳ ዳኘው በሬውንና ቀንበሩን ይዞ ማሳው ዳር ቆመ። ስንቄ በሬዋን እየነዳች መጣች። ፊቱ በራ። እሷ ግን ሳትቆም አለፈችው፤ ቁልቁል ወርዳ ባሏ የሞተባት የማንጠግቦሽ ደጅ ደረሰች። ማንጠግቦሽም አንድ በሬ አላት፤ ማሳዋ አራሽ አጥቶ ጦሙን አድሯል።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ በሬዎቻችንን እናቀናጅ። በእኩል ይታረስልዎ፤ ምርቱን ለሁለት እንካፈላለን።»

«ማን ሊያርሰው፣ ልጄ?»

ስንቄ ከግድግዳው ላይ ሞፈሩን አወረደች።

«እኔ።»