ከባኞው ሥር ያለው እንጨት

የእትዬን ባኞ አይታችሁት ቢሆን ኖሮ አትፈርዱብኝም ነበር። ድሮ የተሠራ ወፍራም ብረት፣ አራት እግር ያለው፣ ጎረምሳ ተሰብስቦ ቢገፋው ዞር ብሎም የማያይ። ፎቅ ላይ ነው ያለው፤ ከሥሩ ኩሽናው ነው።

እትዬ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ባለቤታቸው ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበሩ ወገባቸው አልቋል። ጠዋት ጠዋት ሙቅ ውሃ ውስጥ ካልተዘፈዘፉ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ማለት አይችሉም።

በባኞው ዙሪያ ወለሉ መርገብ ሲጀምር አንድ የቧንቧ ሠራተኛ መጣና በእግሩ ጫን ጫን አደረገው። "ይሄ በስብሷል። ባኞው ተሰባብሮ በቁርጥራጭ ይውጣ፣ አለዚያ አንድ ቀን ድስታችሁ ላይ ነው የሚያርፈው" አለ።

"ባሌን ታዲያ የት ልዘፍዝፈው? ባልዲ ውስጥ?" አሉት እትዬ። ከዚያ እኔንና እህቴን አስጠሩን።

እህቴ አናጢ ናት፤ እኔም አብሬያት ነው የምሠራው። ያላወቀችው ነገር ግን አለ። አምና እሷ ታማ ተኝታ ሳለ እዚህ ቤት ብቻዬን መጥቼ ነበር። በባኞው ዙሪያ ያለው የወለል ጣውላ ርሷል። ነቅሎ ማድረቅ ሳምንት ይፈጃል፣ እኔ ደግሞ ከሰዓት ኳስ ነበረብኝ። እርጥቡ ላይ የወለል ፕላስቲክ አለበስኩበት፣ በሚስማር ቸነከርኩት፣ ጠርዙን በሲሊኮን ደፈንኩት። ሲያምር ደግሞ። እትዬ "እጅህ ይባረክ" ብለው መርቀውኛል።

እህቴ ፕላስቲኩን ገለጠችው። ሽታው እኛን አስወጥቶ ቤቱን ሊረከብ ምንም አልቀረው። አውራ ጣቷን ጣውላው ላይ ጫን ስታደርግ እንደ ረጠበ ሳሙና ገባላት።

"ይሄን ማነው ያለበሰው?"

"አንድ መልከ መልካም ልጅ ነው አሉ።"

አልሳቀችም። "ውሃ ላይ ክዳን ገጥመህ ሄድክ ማለት ነው። ውረድና ኮርኒሱን ክፈት። ባኞውን የተሸከመው እንጨትም እንደዚህ ከሆነ ባኞው ይሰበራል። ለእትዬ የምትነግራቸው አንተ ነህ።"

መሰላል ላይ ወጥቼ የኩሽናውን ኮርኒስ አነሳሁ። ጭቃ ይሁን እንጨት ያልለየለት ነገር አፌ ውስጥ ገባ። የራሴን ሚስማሮች ጫፍ አገኘኋቸው፤ ስነካቸው ዱቄት ሆኑ። ባትሪውን ወደ ላይ አበራሁ።

ሁለት ወፋፍራም እንጨቶች ከባኞው እግሮች ሥር ተቆላልፈው ተኝተዋል። አንድ ሚስማር የለባቸውም። የያዛቸው አውራ ጣቴን የሚያካክል የእንጨት ችንካር ነው። ቢላ ሰደድኩበት፣ ቢላው ተንሸራተተ። በመዶሻ መታሁት፣ ድምፁ ጥርሴ ድረስ መጣ።

"እታለም፣ ነይ እስቲ።"

ወርዳ መሰላሉ ላይ ወጣች። መዳፏን አሳረፈችበትና እንደ ሕፃን ጀርባ ዳበሰችው። ይቺ ከመጋዝ ጋር ሳይቀር የምትጨቃጨቅ ሴት።

"የዛፉን ልብ፣ ጠንካራውን መሃሉን ብቻ መርጦ ነው የሠራው" አለች። "ችንካሩ ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ባበጠ ቁጥር ያጠብቃል። ውሃ እንደሚመጣ አስቦበታል።"

"ማነው እሱ?"

"የሠራው ሰውዬ ነዋ። ማን እንደሆነ እኔ እንጃ።"

እጄን በእንጨቱ ጀርባ ሰደድኩ፣ ማንም በማያየው በኩል። እሱም በመላጊያ ተልጓል፣ እንደ ጠረጴዛ ለስልሷል። ከመሰላሉ ወረድኩ።

ሄጄ እትዬ ፊት ቆምኩ። "ምርቃትዎን ልመልስልዎ። ወለሉን ያበሰበስኩት እኔ ነኝ።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ምርቃት መልሼ ወስጄ አላውቅም። ሥራበት።"

አሥር ቀን ፈጀ። የበሰበሰውን ነቀልን፣ መስኮት ከፍተን አደረቅን። ጋሼ አልጋቸው ላይ ሆነው ሲራገሙ እንሰማለን፤ ማንን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ለአዲሱ ጣውላ በሚስማር ፋንታ የእንጨት ችንካር የጠረብኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያዎቹን አሥራ አንዱን እህቴ በመስኮት ወረወረቻቸው። አዲሱን ጣውላ ስንገጥም በባኞው ዙሪያ ነፋስ የሚያስገባ ክፍተት ተውን።

"ባኞው ውሃ ሲሞላ አንድ ሰው ከታች ሆኖ እንጨቱን ማየት አለበት" አለች እህቴ በመጨረሻው ጠዋት።

"እኔ" አልኩ፣ ማንም ሳይጎትተኝ።

ውሃው ባኞው ውስጥ ሲንዶቆዶቅ ይሰማኛል። ጋሼ ሲገቡ እንጨቱ አንዴ እምም አለ፣ እኔም አብሬው። ከዚያ ጸጥ። ከላቤ በቀር ጠብታ አልወረደም። ከላይ ረጅም "እፎይ" መጣ።

"አንተ ከታች ያለኸው፣ በሕይወት አለህ?"

"አለሁ ጋሼ።"

"እንግዲያው ሙቅ ጨምሩልኝ።"

መሰላሉ ላይ ወጥቼ መዳፌን እንጨቱ ላይ አሳረፍኩ። ሙቀቱ እሱ ድረስ ወርዷል። እህቴ ኮርኒሱን እንዝጋው ብትለኝ፣ ትንሽ ቆዪ አልኳት።