ምንዳዬ ክፍት መኪና ገዛ

ቀለም ቀቢው ምንዳዬ ካርቱም ሃያ ዓመት ሲኖር መኪና ገዝቶ አያውቅም። ሲገዛ ግን ጣራ የሌላት ገዛ።

ነገሩ የተጀመረው ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ የወይዘሮ ሉጥፊያን ግቢ ሲቀባ ነው። ከኒም ዛፉ ሥር፣ ሸራ ለብሳ፣ ባለሁለት ወንበር የድሮ የስፖርት መኪና ቆማ አየ። ሸራውን ገልጦ ገባና መሪዋን ጨበጠ። በቃ፣ ልቡ እዚያው ቀረ።

«የሟቹ ባለቤቴ ናት፤ አላህ ይርሐመው» አሉት ወይዘሮዋ። «ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የነዳት።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ምነው ሁለት ጊዜ ብቻ?» ይል ነበር። ምንዳዬ ግን «እንግዲያው አዲስ ናቷ!» ብሎ ደስ አለው። የጨርቅ ጣራዋን ምስጥ እንደጨረሰው ሲነገረውም ቅር አላለውም።

መኪናዋ በገመድ ተጎትታ አል-ሳሃፋ ሰፈር ካለው ቤታቸው ደጃፍ ስትደርስ፣ ሚስቱ ለተብርሃን ዙሪያዋን ዞራ አየቻት።

«ጣራውን በኋላ ነው የሚያመጡልህ?»

«ጣራ የላትም። ክብሯ እኮ እሱ ነው!»

«እንዲህማ ከሆነ ጋሪም ክብር አለው።»

መካኒኩ ዛኪር ሰባት ወር ያዛት። ምንዳዬ በሄደ ቁጥር «ቡክራ፣ ኢንሻላህ» ይለዋል። እግዜር የፈቀደው ነገ የመጣው በስምንተኛው ወር ነው። መለዋወጫ ከየት ይገኛል? ካርቡራቶሩ ከአሮጌ ሚኒባስ፣ መብራቱ ከባለሦስት እግር ራክሻ እየተፈታ ተገጠመላት። ቀለሙን ምንዳዬ ራሱ ሦስት እጅ ቀባት፤ ደም የመሰለ ቀይ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለተብርሃንን ይዞ ወጣ። ፀሐይ አናት ላይ ናት። ጥቁሩ የቆዳ ወንበር ላይ ቁጭ ሲል ምጣድ ላይ እንዳለ ሽንብራ ዘለለ። ለተብርሃን ነጠላዋን አጣጥፋ አንጥፋ ተቀመጠች። መንገዱ ሲጨናነቅ አንድ ሚኒባስ አጠገባቸው ቆመ፤ ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ቁልቁል ያያቸው ጀመር።

«ያ ሐበሻ፣ አንተ! ጣራህን ሌባ ወሰደው እንዴ?» አለ አንዱ ኦቾሎኒ እየቆረጠመ። ልጣጩ ምንዳዬ ጭን ላይ አረፈ።

ምንዳዬ ኮራ ብሎ ልጣጩን አራገፈ። ወዲያው በስተደቡብ ሰማይ ጠቀስ ቡናማ ግድግዳ ተነሣ፤ ሀቡብ! የአቧራው ማዕበል ሲደርስ የሚኒባሱ ሰዎች መስኮታቸውን ዘጉ። ምንዳዬ የሚዘጋው አልነበረውም። ነፋሱ ሲያልፍ ባልና ሚስቱ ከመንገዱ ጋር አንድ መልክ ሆነው ነበር።

«ክብሯ ጆሮዬ ውስጥ ገባ» አለች ለተብርሃን አቧራውን እየተፋች።

በማግስቱ ዛኪር ከላሜራ ጣራ በየደላት። በሦስተኛው ቀን አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመው።

«ወረቀቱ ክፍት መኪና ይላል። ይቺ ዝግ ናት።»

«ያቺው ናት፣ ጌታዬ!»

«ወይ ወረቀቱን አስቀይር፣ ወይ ጣራውን አንሣ። ያላ፣ ቶሎ በል!»

ወረቀቱ ገና በሟቹ ስም ስለነበረ፣ ለማስቀየር ሟቹ ራሳቸው በአካል ቀርበው መፈረም ነበረባቸው። ስለዚህ ዛኪር ጣራውን ቆርጦ በአራት ቡሎን አሰረው። ከዚያ ወዲያ ምንዳዬ ፖሊስ ከሩቅ ባየ ቁጥር ይቆማል፣ ቡሎኖቹን ይፈታል፣ ጣራውን ለተብርሃን ጭን ላይ አስቀምጦ ያልፋል፤ ካለፈ በኋላ መልሶ ያስራል። እስከ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ፖሊስ አለ።

አንድ እሑድ፣ ሁለተኛው ፖሊስ ጋ ሳይደርሱ፣ ለተብርሃን ነጠላዋን አስተካክላ ወረደች።

«ወዴት ነው?»

«በሚኒባስ ልቅደም። አንተ ቀስ ብለህ ና።»

ምንዳዬ ሲደርስ ቅዳሴው አልቆ ሰው እየወጣ ነበር። እጁ እስከ ክርኑ በቅባት ተለውሷል። ሆኖም ሁለት ጎልማሶች መኪናዋን ከበው ሲያዩለት ደረቱ ተነፋ።

ለተብርሃን በአጠገባቸው አለፈች። «ለአንተም ጸልዬልሃለሁ» አለችውና ወደ ሚኒባሱ ፌርማታ አመራች።