ቀይ ሣጥን ውስጥ የቀረው የሠርግ ቀሚስ

ኑ፣ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ቆማችሁ ስትሰሙኝ እኔም እቸኩላለሁ፤ ይህ ደግሞ እየተቸኮለ የሚወራ አይደለም። ውሃ የጠማውም አስቀድሞ ይጠጣ።

የማጫውታችሁ ስለ አሪፋ ነው፤ ስለ ልብስ ሰፊዋ። ቅዳሜ ገበያ አንድ በረንዳ ላይ በእግር የምትረገጠውን የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ዕድሜዋን ሰፍታለች። የዒድ ልብስ እሷ ዘንድ፣ የጥምቀት ልብስ እሷ ዘንድ ነበር። እጇ የተባረከ ነው፤ ቀጠሮዋ ግን አይጣል። «ነገ ነይ» ትላለች። ነገ ሲኬድ «ውይ እኅቴ፣ ዚፑ ብቻ ነው የቀረው፣ ነገ ብቅ በይ» ትላለች። ከዚህ የተነሳ ገበያው ሁሉ «አሪፋ ነገ» ይላት ነበር። እሷም ትስቃለች እንጂ አትቀየምም።

በዚህ ቀጠሮ ከሁሉ የተጎዳችው አንዲት ልጇ ተቅዋ ነበረች። የሰው ልብስ ይቀድማልና የተቅዋ የዒድ ልብስ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። አንድ ዒድ እንዲያውም አንዱ እጅጌዋ ተሰፍቶ፣ ሌላው በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ሶላት ወጥታለች። ልጅቱ አላኮረፈችም፤ ግን አልረሳችም።

ኋላ ደንገል የሚባለው የልብስ ድርጅት ሐይቁ ዳር ያንን ባለ መስተዋት ፎቅ ሠራ። ምድሩ ሱቅ ነው፤ ከሱ በላይ ስፌቱ፤ ከዚያ በላይ ቢሮውና ንድፍ የሚያወጡት ልጆች፤ ጣሪያው ላይ ማኪያቶ የሚጠጣበት። ጨርቁ ሲቆረጥ፣ ሲሰፋ፣ ሲተኮስ፣ ሲሸጥ ሁሉም እዚያው አንድ ቤት ውስጥ ነው። በሩ በካርድ ይከፈታል። መስኮቱ ጣናን ከዳር እስከ ዳር ያሳያል፤ አይከፈትም እንጂ። አሪፋ እዚያ ስትቀጠር የራሷን መኪና ሸጠች። እንግዲህ ደመወዝተኛ ሆንሁ አለች።

ደንገል አንድ ደግ ልማድ ነበረው። ሠራተኛው ቤት ሠርግ ሲኖር፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ አንድ ልብስ በድርጅቱ ጨርቅና በድርጅቱ መኪና ለቤተሰቡ እንዲሰፋ ይፈቀድለታል። ተቅዋ ለወረታው ነጋዴ ልጅ ለሳዲቅ ስትታጭ፣ አሪፋ ያንን ፈቃድ ጠየቀች፤ ተፈቀደላትም።

«እማ፣ ይሄኛው ደግሞ ስንት ነገ አለው?» አለቻት ተቅዋ።

«ይሄ ነገ የለውም።»

«ዚፑስ?»

«ዚፑን ነው መጀመሪያ የምሰፋው፤ አፍሽን ያዢልኝ» አለች አሪፋ፤ ተሳሳቁ። ሳቁ እንዳለቀ ግን አሪፋ በልቧ ማለች። ይቺ ልጅ አንድ ቀን እንኳ እናቷ የሰፋችላትን ልብስ በቀኑ መልበስ አለባት።

ቀሚሱ ወተት የመሰለ ነበር። እጅጌውና ደረቱ በብር ክር የተጠለፈ፣ ገበሩ በእጅ ሲይዙት የሚያዳልጥ። ሠርጉ እሑድ ነው። ዓርብ የሥራ ሰዓት እንዳበቃ ቀሚሱ ከብብት በታች ካለችው አጭር ስፌት በቀር አልቆ ነበር። እሷን ልትዘጋ ስትል መርፌው የብር ክሩን ነካና ቀጭ አለ።

ገበያ ቢሆን መርፌ ሲሰበር እፍ ብሎ ሌላ መሰካት ነው። ደንገል ግን ሕግ አለ። መርፌ የሰበረ እጁን ያነሳል። ስብርባሪው ሁሉ ተለቅሞ ወረቀት ላይ ይገጣጠማል። ከገጠመ አዲስ መርፌ ይሰጣል። አንዲት ስባሪ ከጎደለች ግን ልብሱ ቀይ የብረት ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበታል፤ እስክትገኝ አይወጣም። ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ በጥራት ተቆጣጣሪዋ በርሆቦት እጅ፣ ሌላው በዕቃ ቤት ኃላፊው በሀዲስ እጅ። አንድ ሰው ብቻውን አይከፍተውም።

ርሆቦት ከሐዋሳ የመጣች ልጅ ናት፤ ገና ወጣት፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ። መጣችና ስብርባሪውን ወረቀት ላይ ደረደረች።

«ጫፏስ እትዬ አሪፋ?»

«የቷ ጫፍ?»

«የመርፌዋ። ላይኛዋ ይቺው አለች፣ መሃሏ ይቺው። ጫፏ የለችም።»

«ወድቃ ይሆናላ የኔ ልጅ። የሩዝ ስባሪ እንኳ አታህልም እኮ።»

«ለዚህ እኮ ነው የምፈልጋት።»

ፈለጉ። መሬቱን በማግኔት አበሱት። መኪናውን ፈቱት። ከዚያ ብረት ሲያይ የሚጮኽ ማሽን አለ፣ ቀሚሱን በዚያ አሳለፉት። የብር ክሩ ነዋ፤ ማሽኑ ደረቱ ላይ ጮኸ፣ እጅጌው ላይ ጮኸ፣ ጭራሽ አላቆም አለ።

«ይሄስ ሠርጉን ጀመረው» አለች አሪፋ። የሳቀላት የለም።

በእጃቸው ዳሰሱት። ርሆቦት ቀለበቷን አውልቃ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ስፌት ስፌቱን በጣቷ ጫፍ ተከተለችው። ምንም የለም። ሌሎቹ ሰፊዎችም ሲያፋልጉ ቆይተው ቦርሳቸውን እያነሱ መውጣት ጀመሩ። ቅዳሜና እሑድ ቤቱ ዝግ ነው።

«እንግዲህ ሰኞ እንደገና እናየዋለን» አለች ርሆቦት።

«ሰኞ ለኔ ምን ይሠራልኛል? ሠርጉ እሑድ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ፤ ግን ሰኞ ትይኛለሽ። እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ የምትለብሰው ልጄ ናት። ብትወጋም የምትወጋው የኔው ልጅ፤ ማን ይከሰሳል?»

ርሆቦት ቀሚሱን አጣጥፋ ክንዷ ላይ አደረገችው። «እትዬ አሪፋ፣ ጨክኜብዎት መሰልዎት? በፊት በሠራሁበት ቤት አንዲት ሕፃን አንገት ሥር እንዲህ ያለች ስባሪ ስትወጣ አይቻለሁ። ሙሽራን ደግሞ መንደሩ ሁሉ ነው የሚያቅፋት።»

እውነት ነበር። እውነትነቱ ነው አሪፋን የበለጠ ያናደዳት። ሀዲስም ተጠርቶ መጣ፤ ሁለቱም ቁልፋቸውን አዞሩ፤ ቀሚሱ ገባ። ሀዲስ ሰዓቱን እያየ ነበር፤ ማክሰኝት ቤተሰብ ዘንድ ሊሄድ መኪና ይጠብቀዋል።

በሩ ላይ ጥበቃው ጋሽ አስማማው ቦርሳዋን ፈተሹ። የድሮ ጎረቤቷ ናቸው፤ በሚስታቸው ልብስ ስንቴ «ነገ» እያለች አመላልሳቸዋለች።

«የሙሽራይቱን ቀሚስ ዛሬ አትወስጂውም እንዴ?» አሏት።

«ከለከሉኝ ጋሼ።»

«ለመቼ አሉሽ?»

«ሰኞ።»

«አይ አሪፋ፣ ካንቺም የባሰ ተገኘ በይኛ» አሉ። ሊያስቋት ነበር። ፊቷን ሲያዩት ግን ቦርሳዋን ዘግተው መለሱላት።

ቤት ገብታ ለተቅዋ ነገረቻት። ልጅቱ ብትጮኽ ይሻል ነበር። «አውቄው ነበር» አለች ብቻ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሰሃኑን እያጠበች። እናንተዬ፣ ከዚህ የሚከፋ ምን አለ። አሪፋ የሕጉን ነገር፣ የማሽኑን ነገር፣ የሕፃኗን ነገር አስረዳች። ተቅዋም ራሷን እየነቀነቀች ሰማች፤ ልክ ያኔ «ዚፑ ብቻ ነው የቀረው» ሲባሉ ደንበኞቹ ራሳቸውን እንደሚነቀንቁት።

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ ሙሀመድሰዒድ ፔዳ አካባቢ ካለ የሠርግ ልብስ አከራይ ነጭ ቀሚስ ይዞ መጣ። ወገቡ ሰፊ ነው። አሪፋ መርፌዋን አውጥታ ልታጠብበው ስትል ባሏ እጇን ያዛት። «ስፌት እንዳይነካው ብለውኛል። እንዳለ ነው የሚመለሰው።» ልብስ ሰፊ እናት ያላት ሙሽራ በመርፌ ቁልፍ የተጠበበ ልብስ ልትለብስ ነው። አሪፋ ወጥታ ጓሮ ቆማ ቆይታ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ለሂናው ተሰበሰቡ። አሪፋ ዓርብ ሥራ የዋለችበትን ጥቁር ሻርፕ ደርባ ከጓዳ ሳሎን ትሯሯጣለች። ተቅዋ ሁለት እጇ በሂና ተይዟል። እናቷ በፊቷ ስታልፍ ጠራቻት፤ ሰው እንዳይሰማ ልታጽናናት ፈልጋ ጉንጯን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ወዲያው ቀና አለች።

«እማ፣ ወጋሽኝ።»

አሪፋ ትከሻዋን ዳበሰች። የሩዝ ስባሪ የማታህል ነገር ጣቷን ነካቻት።

አያችሁ፣ የገበያ ሰፊ መርፌውንም ስባሪውንም የሚሰካው ሻርፑ ትከሻ ላይ ነው፤ መሬት ከወደቀ የሰው እግር ይወጋልና። ዓርብ ዕለት መርፌው ቀጭ ሲል እጇ በራሱ ሄዶ ጫፏን አንስቶ፣ እንደ ድሮው ትከሻዋ ላይ ሰክቷት ነበር። ያ ሁሉ መሬት ሲጠረግ፣ ያ ሁሉ መኪና ሲፈታ፣ ጫፏ ከአሪፋ ጆሮ በታች ነበረች።

በወረቀት ጠቅልላ፣ ባጃጅ ይዛ፣ ደንገል በር ላይ ደረሰች። ጋሽ አስማማው ወደ ርሆቦት እንድትደውል ስልካቸውን ሰጧት። ርሆቦት ፀጉሯን እንኳ ሳታበጥር ከቤቷ መጣች። ወረቀቱን ተቀብላ ፈታችው። ሦስቱን ስባሪ ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው፤ ገጠሙ።

«እኔው ነኝ» አለች አሪፋ። «የኔው እጅ ነው።»

«ተገኘች እኮ፤ ይተዉት።» ርሆቦት ቁልፏን አዞረች። ሣጥኑ በአንድ ጎኑ ጣት ታህል ከፈት አለና ቆመ። በክፍተቱ የቀሚሱ ጠርዝ ብቅ ብሏል። ሀዲስ ዘንድ ደወሉ።

«ቁልፉ ኪሴ ነው ያለው» አለ ሀዲስ ከማክሰኝት። «አሁን መኪና አላገኝም። ነገ በጠዋት እነሳለሁ።»

«ነገ?» አለች አሪፋ።

«ነገ ጠዋት እትዬ አሪፋ፣ እደርሳለሁ።»

ጋሽ አስማማው በቆመጣቸው ጫፍ ሊፈለቅቁት ሞከሩ። ርሆቦትም የመቁረጫውን ትልቅ መቀስ አምጥታ ታገለች፤ ሕጉን ያወጣችው ራሷ እስክትመስል ድረስ ጠንካራ የነበረችው ልጅ ላብ በላብ ሆነች። ብረት ነው፤ ወይ ፍንክች። አሪፋ ጣቷን በክፍተቱ አስገብታ ጠርዙን ነካ አድርጋ ወጣች።

እሑድ ሀዲስ እንዳለው በጠዋት ተነሳ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመ። አዲስ ዘመን ላይ ጎማው ፈነዳ። የወረታ ሙሽሮች ደግሞ፣ የሠርግ አጃቢ በሰዓቱ መጥቶ በማያውቅበት አገር፣ በሰዓቱ መጡ። አሪፋ ምሳውን አጓተተች። የበላውን «ትንሽ ጨምሩ» አለች፤ የጠጣውን ደገመች። ባሏ በመጨረሻ ጠጋ ብሎ «አሪፋ፣ ሰዎቹ ከዐስር ሶላት በፊት መግባት አለባቸው፤ አሳፈርሽን» አላት። ተቅዋ በተከራየው ቀሚስ ወጣች። ስትወጣ እናቷን አቀፈቻትና «ለመልሱ እለብሰዋለሁ፣ አትዘኚ» አለቻት። እናት ደግሞ በልማዱ ልጇን ተከትላ አትሄድም።

መኪኖቹ እየጮኹ ከከተማ ወጡ። ሐሙሲት ላይ፣ ሀዲስ ከሚኒባሱ መስኮት አበባ የለበሱ መኪኖች ሲመጡ አየ። የማን ሠርግ እንደሆነ አላወቀም። ደስ ብሎት እጁን አውለበለበላቸው። ቁልፉ በኪሱ፣ ሙሽራዋ በአጠገቡ፣ ተላለፉ።

ሀዲስ ሲደርስ ሣጥኑ ተከፈተ። ርሆቦት አዲስ መርፌ አወጣች፤ አሪፋ ያቺን አጭር ስፌት ዘጋቻት። ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ እንኳ አልፈጀባትም።

«እትዬ አሪፋ፣ ያኔ ዓርብ ብሰጥዎት ኖሮ...»

«አንቺ ሥራሽን ነው የሠራሽ» አለች አሪፋ፤ ቀሚሱን እያጠፈች። እውነቷን ነው። ልቧ ግን አልበረደም፤ የሚቆጡት ሰው ሲጠፋ ንዴት የት ይሂድ።

ተቅዋ ለመልሱ ለበሰችው። ልክክ አለላት፤ አማረባት። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ግን የተሰቀለው ትልቁ ፎቶ የእሑዱ ነው፤ የተከራየው ቀሚስ፣ ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ የተያዘው። እንግዳ ሁሉ ቀና ብሎ ያየውና «ወይ ልብስ፣ መቼም አንቺ ነሽ የሰፋሽው» ይላታል። አሪፋም «ሻይ ልጨምርልህ» ትላለች።

ስለዚህ ልጆቼ፣ አንድ ቀን እሷ ቤት ከገባችሁ፣ ፎቶውን እዩና ሙሽራዋን አድንቁ፤ ልብሱን ግን ዝለሉት። ሌላውን ብትረሱ አልቀየማችሁም። ይቺን አንዷን ግን አስታውሱልኝ፣ አደራ።